ጫጩቶቹ መቼ ወደ ግቢ ይውጡ? አምፖሉስ መቼ ይጥፋ?

ጥያቄ (ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

እንደምን ሰነበታችሁ። በሚያዝያ መጨረሻ 50 የአንድ ቀን ጫጩቶች ገዝቼ ከሳሎኑ ጀርባ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ በካርቶን ዙሪያቸውን አጥሬ፣ ባለ 250 ዋት ቀይ አምፖል ሰቅዬላቸው እያሳደግሁ ነው። አሁን ሦስት ሳምንት አልፏቸዋል። የሸጠልኝ ሰው አምፖሉ እስከ ስድስተኛው ሳምንት ቀንም ሌሊትም እንዳይጠፋ አጥብቆ ነግሮኛል። ጎረቤቶቼ ግን «በድሬዳዋ ሙቀት ላይ ደግሞ ሌላ ሙቀት!» እያሉ ይስቁብኛል። ጫጩቶቹ ቀን ቀን አፋቸውን ከፍተው ከካርቶኑ ዳር ተለጥፈው ይውላሉ፤ ሲመሽ ተመልሰው ከአምፖሉ ሥር ይገባሉ። ግቢዬ ውስጥ ትልቅ የኒም ዛፍ አለ። ከሥሩ አጥሬ ላውጣቸው ወይስ ስድስተኛውን ሳምንት ልጠብቅ?

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፣ ጫጩቶችዎ ከእኛ ቀድመው መልስ ሰጥተውዎታል። ቀን ከአምፖሉ ይሸሻሉ፣ ሌሊት ወደ አምፖሉ ይመለሳሉ። ስለዚህ ያቀረቡልን አንድ ጥያቄ ሳይሆን ሁለት ነው፤ የቀኑ ለብቻው፣ የሌሊቱም ለብቻው ይወሰናል። ሻጩ የነገረዎት ለሌሊቱ ይጠጋል፣ የጎረቤቶችዎም ሳቅ ለቀኑ ይሠራል። ብዙ ጫጩት የሚጎዳው አርቢው «ከዛሬ ጀምሮ ሙቀት የለም» ወይም «እስከዚህ ቀን ድረስ አይጠፋም» ብሎ ሁለቱን ባንድ ላይ ሲቆርጥ ነው።

ጫጩት ለምን ሙቀት እንደሚያስፈልገው ማወቅ ውሳኔውን ያቀላል። የጎለመሰ ዶሮ የሰውነት ሙቀት 41 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሆን፣ የአንድ ቀን ጫጩት ከዚህ በአንድ ወይም በሁለት ዲግሪ ያነሰ ነው፤ ይህንኑም በራሱ አቅም ጠብቆ ማቆየት አይችልም። ሰውነቱ ትንሽ በመሆኑ ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር ለአየር የተጋለጠው ቆዳው ሰፊ ነው፤ ሲፈለፈል ለብሶት የሚወጣው ለስላሳ ጸጉርም ቅዝቃዜን የሚመክተው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው፤ ከረጠበ ደግሞ ጭራሽ አይረባውም። የራሱን ሙቀት መቆጣጠር የሚጀምረው ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሞላው ነው። ላባው በመጀመሪያ ከክንፉ ላይ ይወጣል፣ ቀጥሎ ከጅራቱና ከትከሻው፣ ከዚያም ከጀርባውና ከደረቱ ላይ፤ የራስና የአንገት ጸጉር የሚለወጠው ከሁሉም በኋላ ነው። ጀርባና ደረቱ ተሸፍኖ የሚያልቀው አብዛኛውን ጊዜ በአምስተኛውና በስድስተኛው ሳምንት መካከል ነው። ሻጩ «ስድስት ሳምንት» ያለዎትም ከዚህ ተነሥቶ ነው።

የተለመደው ልኬት የሚከተለው ነው። በመጀመሪያው ሳምንት በጫጩቶቹ ጀርባ ከፍታ ላይ ያለው አየር ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ይሆናል፤ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል እየቀነሰ በሦስተኛው ሳምንት ከ26 እስከ 29፣ በአምስተኛው ከ20 እስከ 23 ይደርሳል። ልብ ሊሉት የሚገባው፣ ይህ የአየሩ ልኬት እንጂ የአምፖሉ አለመሆኑን ነው። ጫጩቱ ሙቀቱ ከአምፖል ይምጣ፣ ከፀሐይ ወይም ከጋለ ቆርቆሮ ይምጣ ግድ የለውም። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች፣ በግንቦትና በሰኔ ቀትር ላይ የጥላው ሙቀት 35 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል፤ ይህ ዛሬ ከእንቁላል ለወጣ ጫጩት እንኳ የሚበቃ ነው። የእርስዎ ጫጩቶች ግን ሦስት ሳምንት አልፏቸዋል፤ ቆርቆሮ በለበሰች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ በዚያ ላይ ባለ 250 ዋት አምፖል ተጨምሮባቸው አፋቸውን ቢከፍቱ የሚገርም አይደለም። አፍ መክፈት፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስና ክንፍን ከጎን አርቆ መያዝ የሙቀት ብዛት ምልክቶች ናቸው። እንዲህ የሚውል ጫጩት መኖ መብላቱን ይቀንሳል፣ ይከሳል፤ ኩሱ ከመቀመጫው ላይ ደርቆ የሚደፍነውም አለ። ስለዚህ ቀን ቀን አምፖሉን ከዛሬ ጀምሮ ያጥፉት።

ሌሊቱን በተመለከተ፣ በዚህ ወቅት የድሬዳዋ ሌሊት ከ20 ዲግሪ ጥቂት ከፍ ይላል፤ የሦስት ሳምንት ጫጩት የሚፈልገው ከዚያ በጥቂት ዲግሪዎች የበለጠ ነው። 50 ሆነው መተኛታቸው ራሱ ያሞቃቸዋል፤ ስድስት ወይም ሰባት ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ምክራችን ትንሽ ይለወጥ ነበር። ባለ 250 ዋቱን አምፖል ከፍ አድርገው ይስቀሉት ወይም በአነስተኛ ዋት ይለውጡት። እዚህ ላይ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ አሁን በየሱቁ የሚሸጠው ኃይል ቆጣቢ አምፖል ብርሃን እንጂ ሙቀት አይሰጥም ማለት ይቻላል፤ «አምፖል አብርቼላቸው ነበር» የሚሉን አርቢዎች ጫጩቶች በብርድ ሲጎዱ የምናየው በዚህ ምክንያት ነው። ሙቀት የሚሰጠው ክሩ የሚግለው የድሮው ዓይነት አምፖል ወይም ለዚሁ ተብሎ የተሠራው የኢንፍራሬድ አምፖል ነው። የሚሰቀለውም በኤሌክትሪክ ገመዱ ብቻ ሳይሆን በሽቦ ወይም በሰንሰለት ጭምር ታስሮ ነው፤ ጉዝጓዙ ላይ የወደቀ አምፖል ቤት ያቃጥላል።

ቴርሞሜትር ካለዎት ግድግዳ ላይ በሰው ቁመት አይስቀሉት፤ ከጉዝጓዙ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ጫጩቱ በሚቆምበት አየር ውስጥ ይሁን። ከሌለዎትም ብዙ አይጨነቁ፤ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ድምፅ ሳያሰሙ፣ ደብዛዛ ባትሪ ይዘው ይግቡና አተኛኘታቸውን ይመልከቱ። ሙቀቱ የተስማማቸው ጫጩቶች በአምፖሉ ዙሪያ ተበትነው፣ አንዳንዱ አንገቱን በጉዝጓዙ ላይ ዘርግቶ፣ አንዳንዱ አንድ እግሩን ወደ ኋላ ሰዶ ይተኛሉ፤ የሚሰማውም አልፎ አልፎ ዝቅ ያለ ጭውጭውታ ብቻ ነው። ከአምፖሉ ሥር አንዱ ባንዱ ላይ ከተደራረቡና ሳያቋርጡ ከፍ ባለ ድምፅ ከጮኹ በርዷቸዋል። ሁሉም ባንድ ወገን ብቻ ከተጠጉ ደግሞ ከሌላው ወገን፣ ምናልባትም ከበሩ ሥር፣ ነፋስ ይገባል። ይህን ለሁለት ለሦስት ምሽት የተመለከተ ሰው አምፖሉን በስንት ጣት ከፍ እንደሚያደርግ ሌላ ሰው መጠየቅ አያስፈልገውም።

አሁን ወደ ኒም ዛፍዎ እንምጣ። አዎን፣ ሊያወጧቸው ይችላሉ፤ እንዲያውም ቆርቆሮው በጋለበት ሰዓት የኒሙ ጥላ ከክፍልዎ ይሻላቸዋል። ነገር ግን ከማውጣትዎ በፊት አንድ ቀን ጥላውን ይከታተሉት። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጥላ የነበረው ቦታ ስድስት ሰዓት ላይ ፀሐይ ይሆናል፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደግሞ ጥላው ወደ ሌላው ወገን ይዞራል። አጥሩ አንድ ቦታ ላይ ተተክሎ ጥላው ጥሏቸው ከሄደ፣ መሸሻ የሌላቸው ጫጩቶች በአጭር ጊዜ ውስጥ ያልቃሉ። ወይ አጥሩ ከጥላው ጋር የሚጎተት ይሁን፣ ወይም ከላዩ ላይ ሰሌን ወይም ጆንያ ተዘርግቶ ቢያንስ ግማሹ ሁልጊዜ ጥላ ይኑረው።

በመጀመሪያው ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ያውጧቸውና ግማሽ ሰዓት ያህል አቆይተው ይመልሷቸው፤ በማግሥቱ አንድ ሰዓት፣ ከዚያም እየጨመሩ ይሂዱ። መጀመሪያ ላይ ባንድ ቦታ ተኮልኩለው ፈዘው ይቆማሉ፤ አንዱ አፈሩን መጫር ሲጀምር ሌሎቹ ይከተሉታል። አጥሩ ነፋስ በሚመጣበት ወገን የተደፈነ ይሁን፤ የድሬዳዋ ነፋስ አቧራውን ይዞ ሲነሣ ሙቀት እንኳ እያለ ጫጩትን ያጎሳቁላል፤ ዓይናቸውንም ያሳምማል። ከላይ የዶሮ ሽቦ ወይም መረብ ሊኖረው ግድ ነው። ሦስት ሳምንት የሆነው ጫጩት ለጭልፊት አንድ ጉርሻ ነው፤ ቁራም ከጭልፊት አያንስም፤ የሰፈር ድመትም ቀኑን ሙሉ አጥሩ ሥር ተኝታ ልትጠብቅ ትችላለች።

ውኃው ጥላ ውስጥ ይቀመጥ፤ ቀትር ላይም ይለወጥ። ጫጩት የሞቀ ውኃ ሲቀርብለት እየጠማው ይተወዋል፤ ከእንስራ የተቀዳ ቀዝቃዛ ውኃ ግን ወዲያውኑ ይጠጣል። መኖውን በብዛት ጠዋት በማለዳና ማታ ፀሐይ ስትበርድ ይስጧቸው፤ የተበላ መኖ ሲፈጭ በራሱ ሙቀት ስለሚፈጥር ቀትር ላይ ጠግቦ የዋለ ጫጩት ይበልጥ ይቸገራል። ይህ በተለይ ቶሎ በሚወፍሩት የሥጋ ዝርያዎች ላይ ይብሳል፤ እነርሱ ላባቸው ሳሳ ያለ ቢሆንም ከክብደታቸው የተነሣ ሙቀትን የሚችሉት ከእንቁላል ዝርያዎቹ ባነሰ መጠን ነው። ድንገት ዝናብ መጥቶ ቢያርሳቸው እስኪደርቁ ድረስ በጨርቅ አባብሰው ከአምፖል ሥር ያቆዩዋቸው፤ አየሩ ሞቃት ነው ብለው አይተዉዋቸው።

ሌሊቱን ውጭ፣ ማለትም በዶሮ ቤቱ ውስጥ፣ የሚያድሩት መቼ ነው ላሉት፣ በመጀመሪያ በዚያችው ክፍል ውስጥ አምፖሉ ጠፍቶ ለአራት ወይም ለአምስት ሌሊት በሰላም ሊያድሩ ይገባል። ከዚያም ሁለት ሦስቱን አንሥተው ጀርባቸውን በጣትዎ ገልጠው ይመልከቱ፤ ጸጉር ሳይሆን ላባ ከሆነና ቆዳው ካልታየ፣ ሌሊቱም እንደ ሰኔ የድሬዳዋ ሌሊት ከሆነ፣ በአምስተኛው ሳምንት ቢያዛውሯቸው አይጎዱም። ስድስተኛውን ሳምንት መጠበቅ ግዴታ የሚሆነው በኅዳርና በጥር መካከል፣ ሌሊቱ ወደ 15 ዲግሪ በሚወርድበት ጊዜ ነው።

ጥያቄ (ከሸንኮር፣ ሐረር)

ባለፈው ታኅሣሥ ከድሬዳዋ 30 የ45 ቀን ጫጩቶች ገዝቼ አመጣሁ። ነጋዴው «እነዚህ ሙቀት ጨርሰዋል፤ አንተ መኖና ውኃ ብቻ ስጣቸው» አለኝ። በዚያው ምሽት ንጹሕ በሆነ ባዶ ክፍል ውስጥ ጭድ ጎዝጉዤ አስገባኋቸው። ጠዋት ስከፍት ስምንቱ በአንድ ጥግ ላይ ተደፍጥጠው ሞተዋል። የቀሩት ደኅና ነበሩ፤ አሁንም እንቁላል ሊጥሉ ተቃርበዋል። በሽታ ነበር ወይስ ብርድ? ደግሜ ልገዛ ስላሰብሁ መልሳችሁን እጠብቃለሁ።

መልስ

በሽታ ቢሆን ኖሮ ሞቱ በአንድ ሌሊትና በአንድ ጥግ ላይ ብቻ አይቆምም ነበር፤ በቀሩትም ላይ ማንቀላፋት፣ ተቅማጥ ወይም የአተነፋፈስ ችግር ይታይ ነበር። ወንድማችን፣ የጻፉልን ምልክት የመታፈን ነው። ጫጩቶቹ ብርዱ ጥግ አስያዛቸው፤ የገደላቸው ግን ከላያቸው የተከመሩት ጓደኞቻቸው ናቸው። ይህን ልዩነት የምናነሣው ለክርክር ብለን አይደለም። ሰው «ብርድ ነው» ብሎ አምፖል ብቻ ቢጨምር፣ መብራት በጠፋበት በመጀመሪያው ሌሊት ያው ነገር ይደገምበታልና ነው።

ድሬዳዋና ሐረር በመኪና መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ቢራራቁም፣ ከፍታቸው ከ1,200 ሜትር ገደማ ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ይወጣል። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ በየ1,000 ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል በአንድ ቀን አራት ወይም አምስት ዲግሪ ልዩነት አለ ማለት ነው። በታኅሣሥ ሐረር ላይ ሌሊቱ ወደ 10 ዲግሪ የሚጠጋበት ጊዜ አይጠፋም። ነጋዴው አልዋሸም ይሆናል፤ ጫጩቶቹ ሙቀት የጨረሱት ግን ለድሬዳዋ ነው። «የ45 ቀን» የሚለውም የገበያ ስም እንጂ ሁልጊዜ 45 ቀን ሞልቷቸዋል ማለት አይደለም። በዚያ ላይ በብዙ ማሳደጊያ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ መብራት ስለሚበራ፣ ጫጩቶቹ በእርስዎ ክፍል ውስጥ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ድቅድቅ ጨለማ አይተው ሊሆን ይችላል። ጫጩት በድንገተኛ ጨለማ ይደነግጣል፤ ሲደነግጥም ወደ ጥግ ይሮጣል።

ሲገዙ ዋጋውን ከመጠየቅዎ በፊት «አምፖል ያጠፋችሁላቸው መቼ ነው?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ «ትናንት» ወይም «እስካሁን ይበራል» ከሆነ የማላመዱ ሥራ በእርስዎ ላይ ወድቋል። ክንፋቸውንም ገልጠው ጎናቸውንና ደረታቸውን ይዩ። ጉዞው በማለዳ ይሁንና ሳጥኑ በአራቱም ጎን ቀዳዳ ያለው ይሁን፤ በተሽከርካሪ ጣሪያ ላይ ተጭነው የደንገጎን አቀበት ከወጡ፣ ሐረር ከመድረሳቸው በፊት ነፋሱ አቅማቸውን ይጨርሰዋል። እንደደረሱ መጀመሪያ ውኃ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ መኖ ይሰጣቸው። በብርሃን ደርሰው ቤታቸውን አይተው መምሸት አለባቸው፤ ሌሊት የገባ ጫጩት መጠጫው የት እንዳለ እንኳ ሳያውቅ ያድራል።

የክፍሉን አራት ጥጎች በካርቶን ወይም በቆርቆሮ ቁራጭ አጥፈው ክብ ያድርጓቸው። ይህ ምንም ወጪ የሌለው ሥራ ከአምፖል የበለጠ ሕይወት ያድናል ብንል ማጋነን አይሆንም። ጉዝጓዙ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ደረቅ የእንጨት ፍቅፋቂ ወይም የተቆራረጠ ጭድ ይሁን፤ ባዶ ሲሚንቶ ላይ በስሱ የተበተነ ጭድ ከሥር የሚመጣውን ቅዝቃዜ አይከለክልም። ነፋስ በበሩ ሥር እንዳይገባ ይድፈኑት፣ ከጣሪያው በታች ያለውን መተንፈሻ ግን አይድፈኑት፤ ጭራሽ የተዘጋ ክፍል በእርጥበትና በኩሱ ሽታ የተነሣ ሳንባቸውን ያሳምማል። ለመጀመሪያው ሳምንት ሌሊት ሌሊት አንድ አምፖል ከክፍሉ አንድ ወገን ብቻ ይስቀሉ፤ የሞቀው ጫጩት የሚሸሽበት ቀዝቃዛ ወገን ሊኖረው ይገባል። ከዚያ በየሁለት ሌሊቱ ከፍ እያደረጉ፣ በመጨረሻም አነስተኛ መብራት ብቻ አስቀርተው ያስለምዷቸው። በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ሁለት ሰዓት ላይ ገብተው የተከማቹትን በእጅዎ እያነሡ ቢበትኗቸው፣ ከሦስተኛው ሌሊት በኋላ ራሳቸው ተስተካክለው መተኛት ይጀምራሉ።

የአሁኑ ወቅት ከታኅሣሥ ለዘብ ያለ ነው፤ ነገር ግን ከሐምሌ እስከ መስከረም የሐረር ችግር ከብርዱ ይልቅ እርጥበቱ ነው። በክረምት ወደ ግቢ የሚያወጧቸው ሣሩ ጤዛውን ከጣለ በኋላ ነው፤ የረጠበውንም ጉዝጓዝ በየቀኑ አንሥተው ይጣሉ። ኮክሲዲዮሲስ የሚባለው ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያስከትል በሽታ ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ሳምንት ባሉት ጫጩቶች ላይ የሚበረታ ሲሆን፣ የሚራባውም እርጥብና ሞቃት ጉዝጓዝ ውስጥ ነው። ደም ካዩ ለእንስሳት ሐኪም ያሳዩ፤ ሙቀት በመጨመር አይድንም።

ጥያቄ (ከገንደ ቆሬ፣ ድሬዳዋ)

ሁለት ሳምንት የሆናቸው 25 ጫጩቶች አሉኝ። መብራት በጠፋ ቁጥር ከሰል አቀጣጥዬ በማንደጃ አጠገባቸው አስቀምጣለሁ። ክፍላችን አንድ ስለሆነች እኔና ልጆቼም እዚያው እንተኛለን። ጭስ እንዳይኖረው ውጭ በደንብ አቀጣጥለዋለሁ። ሌላ ዘዴ ካለ ንገሩኝ።

መልስ

እህታችን፣ ይህን መልስ ሲያነቡ ከዛሬ ሌሊት ጀምሮ ያቁሙት። በደንብ የተቀጣጠለ ከሰል ጭሱ ይጠፋል እንጂ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ አይጠፋም፤ ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ጫጩቶቹንም ልጆችዎንም የሚያሰጋው እኩል ነው። ከሰል ለጫጩት የሚያነዱ አርቢዎች አሉ፤ የሚያነዱት ግን ሰው በማይተኛበት፣ ከላይ ሰፊ መተንፈሻ ባለው የዶሮ ቤት ውስጥ፣ ማንደጃውን ጫጩት እንዳይደርስበት በሽቦ አጥረው ነው።

ለእርስዎ የሚስማማው የሙቅ ውኃ ጀሪካን ነው። ባለ 5 ወይም ባለ 10 ሊትር ጀሪካን ውስጥ እጅ የማያስነካ ሙቅ ውኃ ይሙሉ፤ ላስቲኩን እንዳያቀልጠው የፈላው ትንሽ ይብረድለት። ክዳኑን አጥብቀው ዘግተው፣ በአሮጌ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ጠቅልለው ከጫጩቶቹ መካከል ያጋድሙት። ጫጩቶቹ በሁለቱም ጎን ተጠግተውት ይተኛሉ። ከካርቶኑ ላይ ጆንያ ጣል አድርገው አንድ ወገኑን ለአየር ክፍት ይተዉት። ጀሪካኑ ለጥቂት ሰዓታት ሙቀቱን ይይዛል፤ ሌሊት አንድ ጊዜ መለወጥ ይኖርብዎታል። ይህም ቢሆን የሚያስፈልገው ለሌሊቱ ብቻ ነው፤ በድሬዳዋ ቀን መብራት ቢጠፋ በዚህ ወቅት የሚያሳስብ አይደለም።

ለወደፊቱ ደግሞ በአገራችን የግብርና ባለሙያዎች ለብዙ ዓመታት ሲያስተምሩት የኖረውን የድርቆሽ ሳጥን ያስቡበት። ትንሽ የእንጨት ሳጥን በትልቁ ውስጥ ገብቶ በመካከላቸው ያለው ክፍተት በደረቅ ድርቆሽ ይጠቀጠቃል፤ ክዳኑም እንዲሁ ድርቆሽ የለበሰና አየር ማስገቢያ ያለው ነው። ኤሌክትሪክም ከሰልም አይፈልግም፤ ጫጩቶቹ ራሳቸው የሚያመነጩትን ሙቀት ብቻ ይዞ ያቆይላቸዋል። ቀን ከሳጥኑ ጋር በተያያዘው የታጠረ ሜዳ ላይ ውለው ሲመሽ ይገባሉ። የሚሠራው ግን ሳጥኑ በሚገባ ሲሞላ ነው፤ ለ50 በተሠራ ሳጥን ውስጥ ስምንት ጫጩት ቢያስገቡ ሙቀቱ አይበቃም። ድርቆሹም ሲረጥብ ወዲያውኑ መለወጥ አለበት።

ጥያቄ (ከጀጎል ውስጥ፣ ሐረር)

የሐበሻ ዶሮዬ ዘጠኝ ጫጩት ፈልፍላለች። ልጄ አምፖል እንግዛ ይላል። ያስፈልጋል?

መልስ

አያስፈልግም። እናቲቱ ከማንኛውም አምፖል የተሻለች ናት፤ ሲበርዳቸው ከሥሯ ይገባሉ፣ ሲሞቃቸው ይወጣሉ። ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ቀን በኋላ መሬቱ ደረቅ ከሆነ ወደ ግቢ ሊወጡ ይችላሉ። በጀጎል ውስጥ ያሉ ግቢዎች በድንጋይ ግንብ የታጠሩ ስለሆኑ ፀሐይ ዘግይታ ነው የምትገባው፤ ፀሐይዋ ወለሉን እስክትነካ ድረስ አያውጧቸው። በመጀመሪያው ሳምንት እናቲቱን እግሯን በረጅም ገመድ አስረው ወይም በትልቅ ቅርጫት ደፍተው ቢያቆዩአት ጫጩቶቹ ከአጠገቧ አይርቁም፤ እርሷ ሩቅ ስትሄድ እየተከተሉ የሚደክሙትና የሚጠፉት ብዙ ናቸው። የጫጩት መኖውን እናቲቱ እንዳትጨርስባቸው እነርሱ ብቻ ሊሾልኩበት በሚችሉበት ፍርግርግ ውስጥ ያኑሩት። ሌሊት ግን ወለል ላይ በተከፈተ ቦታ አያሳድሯቸው፤ ሸለምጥማጥና አይጥ ከብርድ የከፉ ናቸው። ለልጅዎም በአምፖሉ ገንዘብ ጠንካራ የዶሮ ሽቦ ይግዛ ብለንልዎታል።

ጥያቄ (ከከዚራ፣ ድሬዳዋ)

ጫጩቶቼ ሙቀት ጨርሰው ግቢ መዋል ጀምረዋል። ከትልልቆቹ ዶሮዎች ጋር መቼ ልቀላቅላቸው?

መልስ

አሁን አይቀላቅሏቸው። ትልልቆቹ መኖውን ይከለክሏቸዋል፣ ይጠቀጥቋቸዋል፤ ከዚህም በላይ በሽታ ሳይታይባቸው ተሸክመው የሚኖሩትን ተሕዋስያን ለጫጩቶቹ ያስተላልፉባቸዋል። ቢያንስ እስከ ሦስተኛው ወር፣ በቁመት እስኪቀራረቧቸው ድረስ፣ በሽቦ ተለይተው እየተያዩ ይዋሉ። የሚቀላቀሉትም ሲመሽ፣ ሁሉም በቆጡ ላይ ከተቀመጡ በኋላ ቢሆን ጠቡ ይቀንሳል፤ በማግሥቱ ጠዋት ሁለት መመገቢያና ሁለት መጠጫ በተራራቀ ቦታ ያስቀምጡላቸው።

የፈንግል ክትባት ሳይወስዱ ግን ከሌላ ዶሮ ጋር ቀርቶ፣ የጎረቤት ዶሮ በሚመላለስበት ግቢ እንኳ እንዲውሉ አንመክርም። የመጀመሪያው ክትባት በመጀመሪያው ሳምንት ገደማ በዓይን ጠብታ የሚሰጥ ሲሆን፣ ላሶታ የሚባለው ከሳምንታት በኋላ ይደገማል፤ ቀኑን ክትባቱን የሚሰጥዎ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይወስንልዎታል። ከአምፖል የሚለዩበት፣ የሚከተቡበትና ቤት የሚለውጡበት ቀን ግን አንድ ላይ እንዳይውል ይጠንቀቁ፤ በየመካከሉ ጥቂት ቀናት ይለፉ።